«አሪፍ ነው»ም «ሞቷል»ም ለጀማሪ አይጠቅሙም፦ በፎቶ ላይ አስተያየት ስለመስጠት

ጥያቄ፦ «ወደ 40 የምንሆን ጀማሪ ፎቶ አንሺዎች በቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ እየለጠፍን አስተያየት እንሰጣጣለን። አድሚኑ እኔ ነኝ። ብዙው ሰው “አሪፍ ነው”፣ “ጀግና” ብሎ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ጡረታ የወጡ አንድ አባላችን ባለቤታቸው ቡና ሲቀዱ ያነሱትን ፎቶ ለጠፉ። አንድ ልጅ “ፎቶው ሞቷል፣ ብዥ ብሏል” አላቸው። ሰውየው ምንም ሳይመልሱ ከግሩፑ ወጡ። አስተያየት ሁሉ በሙገሳ ጀምሮ፣ መሐል ላይ ነቅፎ፣ በሙገሳ እንዲያልቅ ደንብ ላወጣ አስቤያለሁ። ይበጃል? የሳቸውን ፎቶና የአንዲት አባል የጥምቀት ፎቶ ከነፋይላቸው አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ደንቡን አያውጡት። ሙገሳ፣ ነቀፌታ፣ ሙገሳ የሚለው አደራደር አንድ ሳምንት ይሠራል። በሁለተኛው ሳምንት አባላቱ ይለምዱትና የመጀመሪያዋን ሙገሳ እንዳነበቡ «ግን» የምትለዋን መጠበቅ ይጀምራሉ። ሰምና ወርቅ እየሰማ ላደገ ጆሮ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ሙገሳውን ሰም ነው ብሎ ገፎ ይጥልና ወርቁን ከሥር ይፈልጋል። በዚህ መሐል ሰውየው በደንብ የሠራውና ሊደግመው የሚገባው ነገር ሳይሰማ ይቀራል።

ጥፋቱንም ልጁ ቃል ባለመምረጡ ላይ ብቻ አይጣሉት። «ሞቷል» የሚለው ለስልሶ «ትንሽ ሕይወት ይጎድለዋል» ቢባልም ለሰውየው የሚጨምርላቸው ነገር አልነበረም። «አሪፍ ነው»ም ያው ነው። ሁለቱም ፎቶውን ሳይከፍቱ ሊጻፉ ይችላሉ። አስተያየትን የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ባለ ፎቶው ነገ ካሜራውን ሲያነሳ በእጁ፣ በቆመበት ቦታ ወይም በመረጠው ሰዓት ላይ ምን እንደሚለውጥ ይነግረዋል ወይ?

ባዶ አስተያየት የሚበዛው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ይሉኝታ ነው፤ በተለይ ፎቶው ላይ ያለችው የሰው እናት ወይም ሚስት ስትሆን «ፊቱ ጨልሟል» ማለት ሴትዮዋን መንካት ይመስለናል። ሁለተኛው ብዙ አይነሳም፦ ተመልካቹ የሆነ ነገር እንዳልጣመው ያውቃል፣ ነጥሎ የሚጠራበት ቃል ግን የለውም። ያኔ ቅሬታው ወይ ይዋጣል ወይ «ሞቷል» ሆኖ ይወጣል። በነገራችን ላይ «ሂስ» የሚለው ቃል የሂስና ግለ ሂስን ዘመን፣ «ግምገማ» ደግሞ የመሥሪያ ቤት ስብሰባን ይዞ ይመጣል፤ በሁለቱም የሚብጠለጠለው ሰው ነበር። ግሩፕዎ ውስጥ ሁለቱንም ቃላት ባይጠቀሙባቸው እመርጣለሁ።

ወደ ቡናው ፎቶ ልምጣ። ከነፋይሉ መላክዎ ጠቅሟል፤ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ይጨምቀዋል፣ ካሜራው የመዘገበውንም መረጃ ይጥለዋል። እንደ ፋይል ሲላክ ሁሉም ይቆያል። መረጃው እንደሚያሳየው ሌንሱ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሚሊ ሜትር ነው፤ እስከ 55 ተስቦ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 5.6፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/30 ሴኮንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 ላይ ተነስቷል። በሙሉ መጠኑ ከፍተው ሦስት ቦታ ይዩ። የረከቦቱ ጠርዝና የሲኒዎቹ አፍ ጥርት ብለዋል። የሴትዮዋ ፊት ለመጥራት ትንሽ ይቀረዋል። ጀበናውን የያዘው እጅና የሚቀዳው ቡና ግን ተጎትተው ጭረት ሆነዋል።

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጀማሪ ፎቶ ላይ በብዛት የሚሰነዘረው «ብዥ ብሏል» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ችግሮችን አንድ ላይ ይጠቀልላል፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ካሜራው ተንቀሳቅሶ ከሆነ ግድግዳውም ዕቃውም ሰውም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎተታል፤ ትንንሽ መብራቶች መስመር ይሆናሉ። ያኔ ክርንን ከጎን ማስጠጋትና ሹተሩን ማፍጠን ነው። መንቀጥቀጥ የሚከላከል ሥርዓት ለሌለው ሌንስ፣ በእንዲህ ያለ ካሜራ 55 ላይ ከ1/80 በታች መውረድ አያዋጣም። የተንቀሳቀሰው ሰው ከሆነ ደግሞ ግድግዳውና ዕቃው ጥርት ብለው ይቀሩና የተንቀሳቀሰው አካል ብቻ ይጎተታል። ለዚህ ትራይፖድም ሆነ የሌንሱ መረጋጊያ ምንም አይፈይድም፤ መፍትሔው የሹተር ፍጥነት ብቻ ነው። ቡና ለሚቀዳ እጅ 1/125፣ ለእስክስታ ትከሻ 1/500 እና ከዚያ በላይ። ሦስተኛው ፎከስ ስቶ ሲሆን ነው። ያኔ ምንም የተጎተተ ነገር የለም፤ ሰውየው በሙሉ በእኩል የላላ ይመስላል፣ ነገር ግን ከሰውየው ፊት ወይም ኋላ የሆነ ነገር፣ መጋረጃም ይሁን የጠረጴዛ ጠርዝ፣ ጥርት ብሎ ይገኛል። የፎከስ ነጥቡን ለካሜራው ሳይተዉ ቅርብ ባለው ዓይን ላይ በእጅ ማሳረፍ ነው መድኃኒቱ።

የቡናው ፎቶ ሁለተኛው ዓይነት ነው። አንድ ሰው «ትራይፖድ ይግዙ» ብሏቸው ቢሆን ብራቸውን ያወጡ ነበር፣ እጁም እንደተጎተተ ይቀር ነበር። የተሳሳተ ምክር ከ«አሪፍ ነው» የሚብሰው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ውስጥ ምርጫ አለ፤ እያንዳንዱም የሚያስከፍለው ነገር አለው። ከ1/30 ወደ 1/125 ሲሄዱ ብርሃኑ ሁለት ደረጃ፣ ማለትም ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በአይኤስኦ ብቻ ይካስ ከተባለ ከ800 ወደ 3200 መውጣት ግድ ይሆናል። በአሁኑ ካሜራ ለስክሪን ይበቃል፣ ጥቁሩ ቦታ ላይ ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሌላው መንገድ ሌንሱን ወደ 18 መልሶ መቅረብ ነው፤ እዚያ አፐርቸሩ እስከ 3.5 ስለሚከፈት አይኤስኦ 1250 ይበቃል። ሆኖም በ18 ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ከቀረቡ አፍንጫና እጅ ያለመጠናቸው ይተልቃሉ፤ ባለቤታቸው ፎቶውን ላይወዱት ይችላሉ። እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፣ ብርሃኑን ራሱን ማስተካከል። መስኮቱ ሙሉ በሙሉ ከጀርባቸው ስለሆነ ነጭ ሆኖ ጠፍቷል፣ ፊታቸውም ጥላ ውስጥ ገብቷል። ጣሪያ ላይ የበራው ነጭ መብራት ደግሞ ጥላውን አረንጓዴ ቀብቶታል። መብራቱ ይጥፋ፤ በሩ ይከፈት፤ ረከቦቱ መስኮቱ ከጎንና ትንሽ ከኋላ እንዲሆን ይዙር።

«ትንሽ ከኋላ» ያልኩት በምክንያት ነው። የዕጣኑ ጭስ እዚህ ፎቶ ላይ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላ መጥቶ ጭሱ ከጥቁሩ ግድግዳ ፊት ስለወጣ ነው። ፊታቸው ይብራ ብለው ሙሉ በሙሉ ወደ መስኮቱ ቢያዞሯቸው ጭሱ ይጠፋል። ለፎቶው ውበትም ጉድለትም ምንጩ ያው አንድ መስኮት ነው። «ሞቷል» ያለው ልጅ ጭሱን አላየውም ማለት ነው።

መብራቱን ማጥፋት ካልተቻለ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን በተለይ ፈጣን ሹተር ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ያወጣበታል። ያኔ ከ1/125 ይልቅ 1/100 ይያዙ።

ይህን ሁሉ ለሰውየው መዘርገፍ አያስፈልግም። ማየት ሙሉ ይሁን፣ መናገር ግን ጥቂት። ለሳቸው የሚጻፈው ይህን ያህል ነው፦ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጭሱ ላይ ነው፤ መስኮቱ ከኋላ ስለሆነ ከጥቁሩ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ወጥቷል። ረከቦቱና ሲኒዎቹ ጥርት ብለዋል። እጃቸው ግን ተጎትቷል፤ ፎከሱ ልክ ነው፣ ሹተሩ 1/30 ስለነበረ ነው። በሚቀጥለው 1/125 አድርገው፣ አይኤስኦውን ለካሜራው ትተው ቢያነሱ እጁም ቡናውም ቀጥ ይላሉ። እጁ እንዲህ መጎተቱን ፈልገውት ከነበረ ደግሞ ይንገሩን።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር የይስሙላ ትሕትና አይደለችም። እንቅስቃሴን ሆን ብሎ የሚያስጎትት ሰው አለ፤ ያ ሰው የሚፈልገው ምክር ተቃራኒው ነው፣ ሹተሩን ወደ 1/8 ማውረድ። ሐሳቡን ሳይጠይቁ ማረም ያልታመመ ማከም ይሆናል። መስኮቱንና መብራቱን ለሁለተኛው ፎቶ ያቆዩት።

የጥምቀቱ ፎቶ ላይ የተሰጠው ምክር ከቡናው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ትክክል ይመስላል። «ፊታቸው ጨልሟል፣ ብርሃን ጨምሪበት» ተብላ፣ ልጅቷ በስልኳ ጨምራ መልሳ ለጠፈችው፤ ፊቶቹ ወጡ፣ ነጠላዎቹ ግን ጥለታቸውም እጥፋታቸውም ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ሆኑ። የሆነው ይህ ነው፦ ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። ፍሬሙ በነጠላ ሲሞላ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ አብሮ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በኤዲት ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ሲያደርጉት መጀመሪያ የሚያልቀው ነጩ ነው። ጄፔግ (የተለመደው፣ የተጨመቀው የፎቶ ፋይል) ላይ አንዴ ነጭ ሆኖ የጠፋ ጥለት አይመለስም። ራው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥበት ፋይል) ላይ ጥቂት ይመለሳል። እዚህ ትክክለኛው አስተያየት ወደ ሰዓቱ ይሄዳል፦ ፎቶው የተነሳው ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በጥር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በዚያ ሰዓት ከአድማስ ወደ 60 ዲግሪ ከፍ ስለምትል ዓይን ጉድጓዱ ውስጥ ይደበቃል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አናት ላይ ትቆማለች። ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ ሲወጡ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል ወዲያ ያለው ብርሃን ከጎን ይመጣል፤ ጥር 11ም በማለዳ እንዲሁ። በእኩለ ቀን ግድ ከሆነባት ሰዎቹን ፀሐይ ከጀርባቸው በሆነችበት ወይም በግንብ ጥላ ሥር ባሉበት ቦታ ትፈልግ፣ ብርሃኑንም ፊት ላይ ትለካ። ባለቀለም ጃንጥላ ሥር ያለው ጥላ ያምራል፣ ግን ቀለሙን ፊት ላይ ይደፋል፤ ቀይ ጃንጥላ ሥር የተነሳን ፊት ዋይት ባላንስ (ነጭን ነጭ የሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ) ሙሉ በሙሉ አያድነውም።

ግሩፕዎ ውስጥ ሲደጋገሙ የማያቸው ሌሎች ምክሮችም አሉ። «ጀርባውን ብዥ አድርጊው» የሚለው በስልክ ላይ ጎፈሬ ጠርዙን ያስበላል፤ ስልኩ ፀጉሩ የት እንደሚያልቅ እየገመተ ስለሚቆርጥ ነው። «ሦስት ቦታ ከፍለህ መስመሩ ላይ አድርገው» የሚለውን ሕግ ያደረጉት ሰዎች አሉ፤ ፊት ለፊት የቆመ የቤተ ክርስቲያን በር መሐል ቢሆን ምን ይሆናል? «ክሮፕ አድርገው»፣ ማለትም ጠርዙን ቁረጠው፣ የሚለው ጠቃሚ ነው፣ ወሰኑን ግን አብረው ይንገሩ። 24 ሜጋፒክሰል ፎቶ፣ ማለትም 6000 በ4000፣ ጎኖቹ በግማሽ ሲቆረጡ 3000 በ2000 ይሆናል፤ የቀረው 6 ሜጋፒክሰል ነው። በጥሩ ጥራት ሲታተም 25 በ17 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ለአልበም ይበቃል፣ ለግድግዳ ግን ይሳሳል። በ12 ሜጋፒክሰል ስልክ ያው ቁርጥ 3 ሜጋፒክሰል ብቻ ይተዋል። ክሮፕ ሲመክሩ በቃል ከማስረዳት ፎቶው ላይ በጣት ሳጥን ስሎ መልሶ መላክ ይቀላል። ኤዲት አድርጎ መመለስ ግን ባለቤቱ ካልፈቀደ ነውር ነው፤ የሰው ወጥ ላይ ጨው መጨመር ነው።

አባላቱ ስህተትን፣ ምርጫንና ፈቃድን እንዲለዩ አድርጉ። የተጎተተ እጅ፣ የጠፋ ጥለት፣ የዘመመ ግንብ በአብዛኛው ስህተት ነው፤ በልበ ሙሉነት ይነገር። ጥቁርና ነጭ መሆኑ፣ ቀለሙ መድመቁ፣ ሰውየው ጥግ ላይ መሆኑ ምርጫ ነው፤ «እኔ ቢሆን» ተብሎ ይነገር፣ ካልሆነም ይታለፍ። ፈቃድ ከሁለቱም የተለየ ነው። ጎዳና ላይ የተኛ ሰው ወይም የማያውቁት ልጅ ፎቶ ሲለጠፍ ስለ ብርሃኑ ከማውራት በፊት «ጠይቀሃል?» ይባላል፤ ይህንንም እርስዎ በውስጥ መስመር ይጠይቁ። ፎቶው ላይ ስላለው ሰው መልክና ውፍረት የሚጻፍ ማንኛውም ቃል፣ ሙገሳም ቢሆን፣ ይሰረዝ።

አስተያየት የማይደርስበትም ቦታ አለ። በስልክ ስክሪን ላይ፣ ያውም ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ «ጨልሟል» ማለት አይቻልም፤ ሌላው ሰው ዘንድ ብሩህ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ሂስቶግራሙ (የፎቶው ብርሃንና ጨለማ የተከፋፈለበት ሥዕል) ይታይ። ማታ ስክሪንን ቢጫ የሚያደርገው አሠራር እንደበራ ስለ ቀለም አይፈረድም። በተጨመቀ ፎቶ ስለ ጥራት አይፈረድም። ፋይል ሲላክ ደግሞ ስልኩ የቤቱን አድራሻ ከፎቶው ጋር ይልክ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ የሚያነሱ አባላት የካሜራውን የቦታ ምዝገባ አስቀድመው ያጥፉ። ለምክር ያልለጠፈ ሰውም አለ። የልጁን ልደት ላካፈለ ሰው «እንኳን አደረሰህ» በቂ ነው።

ስለዚህ በሙገሳው ደንብ ፋንታ ይህን ያውጡ። በሳምንት ከአንድ ሰው አንድ ፎቶ ብቻ፤ 40 ሰው በቀን ሦስት ሦስት ከለጠፈ 120 ፎቶ ነው፣ ማንም በወጉ ሊያየው አይችልም። የሚለጥፈው ሰው ምን ሊያሳይ እንደፈለገና ምን እንዲነገረው እንደሚፈልግ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ይህ መስመር የሌለው ፎቶ ላይ አስተያየት አይሰጥ። ለእያንዳንዱ ፎቶ ሦስት ሰው ይበቃል፣ ተራ ያውጡላቸው። አስተያየት ሰጪው መጀመሪያ ዓይኑ የት እንዳረፈ፣ ከዚያ አንድ ነገርና መንስኤውን፣ ከዚያ በሚቀጥለው የሚለወጠውን ይጻፍ። አራተኛ ነገር አይጨምር። ባለ ፎቶው በሳምንቱ ያንኑ ነገር እንደገና አንስቶ ሁለቱን ጎን ለጎን ይለጥፍ። ከሁሉም የምከራከረው ለዚህ ለመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም ምክሩ ትክክል እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ የሚታየው ያኔ ብቻ ነው፤ መካሪዎቹም ከዚያ ይማራሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት እርስዎ በራስዎ ፎቶ ይጀምሩ፣ ያውም ባልተሳካው።

ስለወጡት ሰውዬ፣ ግሩፑ ውስጥ ይቅርታ አያውጁ፤ ወሬውን ያሰፋዋል። ልጁም ተገዶ ይቅርታ እንዲጽፍ አያድርጉ። እርስዎ ራስዎ ይደውሉላቸው እንጂ አይጻፉ፤ በሳቸው ዕድሜ ስልክ መደወል ክብር አለው። ከላይ ያለውን የጭሱን፣ የእጁንና የ1/125ን ነገር በቃልዎ ይንገሯቸውና ባለቤታቸው ቡና በሚያፈሉበት በሚቀጥለው ቀን እንዲሞክሩት ይጠይቋቸው። ወደ ግሩፑ ይመለሱ የሚለውን ሳያነሱ ስልኩን ይዝጉ። ሁለተኛውን ፎቶ ከላኩልዎ፣ ያኔ መስኮቱን ያነሱላቸዋል።